የሻለቃው አንገት

ጋሪው የከተማዋን የምዕራብ በር አልፎ ቁልቁለቱን ሲይዝ፣ ምራቲቱ ገንቦውን በጉልበቶቿ መሃል አጥብቃ ያዘችው። መንኮራኩሩ ድንጋይ በረገጠ ቁጥር ገንቦው ውስጥ ያለው ነገር ይንቦጫረቃል። ከፊታቸው ባሩድ የጫኑ የጦሩ ጋሪዎች፣ ከኋላቸው የአንጥረኞችና የጫማ ሰፊዎች ቤተሰቦች፣ ከግራና ከቀኝ የጠመንጃቸውን አፈሙዝ ቁልቁል ያነገቱ እግረኞች ይሄዳሉ። ወሬ የለም። የሚሰማው የእንጨት ሲጥሲጥታና የኮቴ ድምፅ ነው፤ አንዳንዴም በአንዱ ጋሪ ላይ በደንብ ያልታሰረ ሙቀጫ ከጎን ወደ ጎን ሲንከባለል።

አማቷ፣ በቤቱ ሁሉ እማማ የሚባሉት፣ ፊታቸውን ወደ ኋላ አዙረው ነበር የተቀመጡት። ባለጋሪው መንገዱ በወዲህ በኩል መሆኑን በትህትና ቢያስታውሳቸው፣ መንገዱን እሱ እንዲያየው፣ እሳቸው ግን የሚያዩት ሌላ ነገር እንዳላቸው ነገሩት። የሚያዩት ግቢያቸውን ነበር። ግቢው ከግንቡ ጀርባ ከተሰወረ ቆይቷል፤ ለእሳቸው ግን አሁንም ይታያቸዋል። ከግድግዳ ግድግዳ የተወጠሩት የማድረቂያ ገመዶች፣ ከዘመን ብዛት ሰማያዊ የሆነው የድንጋይ ወለል፣ በአያት ቅድመ አያቶቻቸው እግር መሃሉ የጎደጎደው ደፍ። ከቀትር በኋላ በእርጥቦቹ ጨርቆች መሃል አልፎ የሚገባ ብርሃንም ነበር፤ የሰውን ፊት ሁሉ ውኃ ውስጥ ያለ ያስመስለዋል። ምራቲቱ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ እሷም በተራዋ እማማ ከተባለች በኋላ፣ ያንን ብርሃን ለአዳዲስ ሠራተኞች ልትነግራቸው ትሞክርና ቃል ያጥራታል። እጇን ብቻ ወደ ላይ ታነሳለች። «እንዲህ ነበር» ትላለች፤ እነሱም የገባቸው ይመስል ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ግቢው የጨርቅ ማቅለሚያ ቤት ነበር። የአገረ ገዥው ዘበኞች ካባ፣ የዳኞች መቀነት፣ የሙሽሮች መጎናጸፊያ ሰማያዊው የሚወጣው ከዚያ ቤት ነው። ትላልቆቹ ጋኖች እስከ አንገታቸው መሬት ውስጥ ተቀብረዋል። በውስጣቸው ያለው ቀለም እንደ ሊጥ እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ በልቶ ያድራል፣ ይሞቃል፣ ይተነፍሳል። ብርድ ካገኘው ይሞታል፤ ከሞተ ደግሞ ከባዶ መጀመር ወራት ይፈጃል፣ ያም ሆኖ የሚሳካው ለጥቂቱ ነው። የትልቁ ጋን እርሾ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው፤ መቼ እንደተጀመረ የሚያውቅ የለም፤ ሞቶ ግን አያውቅም።

ጦሩ ከተማዋን ለቆ እንዲወጣ ሲወሰን የጓዝ አዛዡ ትዕዛዝ አስነገረ፦ ለእያንዳንዱ የሙያ ቤት አንድ ጋሪ፤ በዚያም ላይ መሣሪያ እንጂ አልጋና ምንጣፍ አይጫንም። በሚሄዱበት ከተማ የሥራ ግቢ የሚሰጠው ደርሶ ሥራ መጀመር ለሚችል ነው፤ ያልቻለ በየዘመዱና በየሰው ቤት ይበተናል። የተቀበረን ጋን ነቅሎ በጋሪ መጫን አይታሰብም። ስለዚህ ከትልቁ ጋን አንድ ገንቦ ተቀዳ። ቤቱ ማለት እንግዲህ ያ ገንቦ ነው።

ለገንቦውም ደንብ አለው። እስከ ትከሻው ብቻ ነው የሚሞላው፤ እርሾው መንገድ ላይ ሲናጥ ስለሚኩረፈረፍ መተንፈሻ ይፈልጋል። እማማ ይህን ደጋግመው ነግረዋት ጓዳ ገቡ። ምራቲቱ ግን ጋኑ ውስጥ የሚቀረውን ስታይ አንጀቷ አልችል አለ። አንድ ጭልፋ ጨመረች። ደግማ ጨመረች። እስከ አፉ ሞላችው። ከዚያ አፉን በጨርቅ ቋጥራ፣ ገንቦውን በወፍራም የሱፍ ባና ሁለት ዙር ጠቅልላ፣ ምንም እንዳልሠራ ሰው ቁጭ አለች።

በቤቱ ስሟ «እጀ ቀዝቃዛ» ነበር። በሙሽርነቷ ሰሞን እማማ እጇን ይዘው አገላበጡና፣ ልጅቷ ደህና ናት፣ እጇ ግን ቀዝቃዛ ነው፣ ቀለሙ አይወዳትም አሉ። ሠራተኞቹ ሰሙ፤ አለቀ። ውኃ ትቀዳለች፣ ጨርቅ ታሰጣለች፣ ቅጠል ትወቅጣለች፤ የጋኑን ማማሰያ ግን አንድም ቀን ይዛ አታውቅም። ማማሰያው የእማማ ነው። አሁንም ጋሪው ላይ ከጎናቸው ተጋድሟል፤ እጀታው በእጅ ብዛት እንደ አጥንት ለስልሷል።

ያ ቤት አንድ ልማድ ነበረው። ጨርቅ ወደ ጋኑ ከመግባቱ በፊት የቤቱ ትልቅ ሰው «ማጥለቁ የእኛ ነው» ይላል። የቀረው የማን እንደሆነ አይነገርም። ጨርቁ ከጋኑ ሲወጣ እንደ ለጋ ቅጠል አረንጓዴ ነው፤ ከዚያ አየር ሲያገኘው ማንም ሳይነካው ከዳርና ከዳር ቀስ እያለ ሰማያዊ ይሆናል። ያ እስኪያልቅ ድረስ ግቢው ውስጥ ሰው አይናገርም። የሚስቅ ሳቁን ይውጣል፤ የሚጣላ ጠቡን ያቆያል። ምራቲቱ መጀመሪያ ያየች ቀን ባሏን፣ ምን ሆናችሁ ነው ብላ ልትጠይቀው አፏን ስትከፍት ጣቱን ከንፈሯ ላይ አደረገ። በኋላ ገመዱ ሥር ሆነው ነገራት።

«ሰው ሥራ ላይ ሲሆን አጠገቡ አይለፈለፍም።»

«ማን ሥራ ላይ ሲሆን?»

«ካላየሽው ነገ ደግመሽ እዪ» አላት፤ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ደግማ አየች። ባሏ ድልድይ ጠባቂ ሆኖ ዘምቶ ካልተመለሰ ወዲህም ታይ ነበር። አባቷ ሁለት ጊዜ ሰው ልከው ነበር፣ ወደ ቤትሽ ነይ ብለው። አልሄደችም። የሚቀየረውን ጨርቅ ማየት እንዳይቀርባት ነው ብትል ሰው ይስቅባታል፤ እማማን ብቻቸውን ጥዬ አልሄድም ብትል ደግሞ እማማ ይቆጣሉ።

ጋሪውን የሚጎትተው በቅሎ ትልቅ፣ አመዳም ነጭ ነበር። ባለጋሪው «ሻለቃ» ነው የሚለው፤ ትዕዛዝ እንጂ መታዘዝ አያውቅማ። አንቱ እያለ ነበር የሚያናግረው። «ይለፉ እንጂ ጌታዬ፣ ጉድጓድ አይደለም፣ ጥላ ነው» ሲለው እማማ እንኳ፣ ልባቸው እንዲያ አዝኖ፣ አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍኑ ነበር።

በማግስቱ ተራራው መሃል፣ መንገዱ በአንድ በኩል ግድግዳ በሌላው ገደል በሆነበት ቦታ፣ ሻለቃው ቆመ። ባለጋሪው ለመነ፣ ገፋ፣ ጆሮው ሥር አንሾካሾከ። በመጨረሻ ጋሪውን የሚጎትትበትን የአንገት ቆዳ ገለጥ ሲያደርግ ነገሩ ታየ። ከቆዳው ሥር የነበረው በገለባ የተሞላ ከረጢት ተቀድዶ ገለባው ፈሷል፤ ደረቁ ቆዳ አንገቱን በልቶ ገጣባ አድርጎታል። ባለጋሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልዱ ጠፋበት። ከሱፍ በቀር ምንም አይሆነውም አለ፤ ቀጭን ጨርቅ እንደ ገመድ ተጠቅልሎ ይባስ ይቆርጠዋል። እሱ ደግሞ ያለው የለበሰው ሸሚዝ ብቻ ነው።

ከኋላ ጩኸት ተነሳ። የናስ ቁልፍ የደረደረ ካፖርት የለበሰ መቶ አለቃ በፈረስ መጣ። ወጣት ነው፤ እንቅልፍ ካጣ ቆይቷል።

«ይህን ጋሪ ማን ነው ያስቆመው?»

«ሻለቃው ናቸው ጌታዬ» አለ ባለጋሪው፤ ከአፉ ያመለጠው በልማድ ነው።

የመቶ አለቃው እጅ ሳያስበው ወደ ቆቡ ሄደ። «የትኛው ሻለቃ?»

ባለጋሪው በአገጩ ወደ በቅሎው ጠቆመ። እግረኞቹ ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዞሩ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። መቶ አለቃው አልሳቀም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ከኋላ ቁስለኛ የጫኑ ጋሪዎች እየመጡ ነበር። እነሱ እዚያ መታጠፊያ ላይ እስኪደርሱ መንገዱ ካልተከፈተ ጋሪው ወደ ገደል ይገፋል፣ ሰዎቹም በእግራቸው ይሄዳሉ አለ። ይህን ሲል ወደ እማማ አላየም።

እማማ ተኝተው ነበር። ሌሊቱን ትኩሳት ሲያንገላታቸው አድሮ፣ ጉልበታቸው አብጦ፣ ማማሰያውን አቅፈው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። በእግራቸው ከጋሪው እስከ ግድግዳው እንኳ አይደርሱም። ምራቲቱ እሳቸውን አየች፤ ገንቦውን አየች። በዚያ ጋሪ ላይ ሱፍ ማለት ባናው ብቻ ነው። ባናው ከተነሳ ደግሞ ከፊታቸው ያለው የተራራው ጫፍ ብርድ ነው።

ገንቦውን መፍታት ጀመረች። ውስጠኛው ዙር ላይ ስትደርስ እጇ ረጠበ። ባናው ከገንቦው አፍ በገነፈለው እርሾ ርሶ፣ ከብዶ፣ ይሸታል። ያቺ የጨመረቻት ጭልፋ ናት። ፊቷ እንደ እሳት ጋለ፤ ጨምቃ ልትመልሰው አስባ ነበር፣ ጊዜ ግን የለም። እንዳለ ለባለጋሪው አቀበለችው።

ባለጋሪው አሽትቶ ወደ ኋላ አለ። «እህቴ፣ ይሄ ነገር ሞቶ ነው እንዴ?»

«በሕይወት አለ።»

«እንግዲያው ይራመዳል» አለና እርጥቡን ወደ ውስጥ፣ ደረቁን ወደ ውጭ አድርጎ አጣጥፎ፣ ከቆዳው ሥር አስገብቶ አጥብቆ አሰረው። ሻለቃው አንዴ ዞሮ አሸተተ፣ አነጠሰ፣ ሄደ። በአጠገቡ ሲያልፍ መቶ አለቃው ማንም ያላየው መስሎት ቆቡን ነካ።

ምራቲቱ ገንቦውን በሻሿ ጠቅልላ፣ ልብሷ ውስጥ ከታ፣ ሆዷ ላይ አቀፈችው። የተራራው ጫፍ ላይ ነፋሱ ምላጭ ነበር። እንደ ሕፃን እያወዛወዘች፣ ትንፋሿን አንገቱ ላይ እያፈሰሰች ተሻገረች። ሸክላው ከእሷ ሙቀት ወሰደ፤ እሷ ከሸክላው ብርድ ወሰደች። እጆቿ በእርግጥም ቀዝቃዛ ነበሩ። ያን ቀን የጸለየችው ጸሎት ቃል አልነበረውም፤ ገንቦውን ማቀፉ ራሱ ነበር ጸሎቱ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ወንዙን ሲሻገሩ መንኮራኩሩ ከድንጋይ ላይ ተንሸራተተ። ጋሪው ወደ ጎን አዘነበለና ተመለሰ። ምራቲቱ የገንቦውን ሆድ ይዛ ነበር፤ የጋሪው ብረት ያገኘው ግን አንገቱን ነው። ባናው ቢኖር ኖሮ ድምፁ ዱብ ነበር የሚለው። ቀጭ አለ። ለመያዝ ስትሞክር ሸክላው በእጇ ላይ ተከፈተ፤ እርሾው በጣውላዎቹ መሃል ወርዶ ውኃው ውስጥ ገባ። አረንጓዴ ሆኖ ወረደ። ከዚያ በወንዙ ላይ እንደ ክር ተስቦ ሲሄድ ቀስ እያለ ሰማያዊ ሆነ። እማማ ነቅተው ነበር። ሁለቱም በልማድ ዝም አሉ፤ ክሩ ከታጠፈው የወንዙ ዳርቻ እስኪሰወር ድረስ ማንም አልተናገረም።

«ባናውስ?» አሉ እማማ በኋላ።

«ለበቅሎው ሰጠሁት፣ እማማ።»

እማማ እጃቸውን አዩ። እስከ ክንዳቸው ድረስ ሰማያዊ የሆነ፣ በውኃ የማይለቅ እጅ። «ለበቅሎ» አሉ። ባለጋሪው ዞሮ ነገሩን ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት ምራቲቱ በዓይኗ ከለከለችው። ባናው የተሰጠው እሳቸው በእግራቸው መሄድ ስለማይችሉ እንደነበር ሰምተው እንዳያዝኑ ፈራች።

አዲሱ ከተማ የደረሱት ከቀትር በኋላ ነው። የተሰጣቸው ግቢ ቀድሞ የኖራ ማከማቻ ነበር፤ ግድግዳው ሁሉ ነጭ፣ ወለሉ ነጭ፣ በአንድ ጥግ አፉ የተሸረፈ አንድ ባዶ ጋን። እማማ ደፉ ላይ ተቀመጡ። ደፉ አዲስ ነው፤ መሃሉ አልጎደጎደም። በእጃቸው ዳሰስ አደረጉትና ተዉት። የግቢው ሹም ነገ ሥራቸውን ሊያይ እንደሚመጣ ተነግሯቸዋል።

«ነይ ተቀመጪ» አሏት። ተቀመጠች። «ባለጋሪው ነገ ሲመለስ በአባትሽ አገር በኩል ነው የሚያልፈው። አብረሽው ትሄጃለሽ።»

«እርስዎስ፣ እማማ?»

«እኔ አሮጊት ነኝ፤ አንዱ ቤት ጥግ አላጣም።» እጃቸውን ማማሰያው ላይ አሳረፉ። «ልጄ ሲሄድ፣ አንቺ አለሽ ብዬ ነበር። ማማሰያውን ላወርስሽ አስቤ ነበር፤ ቀን እየጠበቅሁ ነው እንጂ። አሁን የማወርስሽ አለቀ። ገና ልጅ ነሽ፤ ከእኔ ጋር አትድረቂ።»

እነዚያን ሁሉ ዓመታት ያ ማማሰያ ለእሷ ታስቦ እንደነበር ምራቲቱ የሰማችው፣ ከሁሉም ቀን ተመርጦ በዚያ ቀን ነው።

በዚህ መሃል ባለጋሪው ከግቢው መሃል ይቅርታ ጠየቀ። «ሻለቃው የማዕረግ ልብሳቸውን ሊያወልቁ ነው፤ ሴቶች ፊታችሁን አዙሩ» አለ። ሊያስቃቸው ፈልጎ ነው፤ አልሳቁም። መንገዱን በሙሉ ገጣባው እንዳይከፈት ብሎ ባናውን አልነካውም ነበር። ቆዳውን ፈታ፣ ባናውን ላጠ፣ ከዚያ ባለበት ቀረ።

የሻለቃው አንገት ሰማያዊ ሆኗል። ከጆሮው ሥር እስከ ደረቱ፣ የዳኛ መቀነት የታጠቀ ይመስል፣ ጥርት ያለ ሰማያዊ። ቁስሉ ደርቆ ሽፋን ይዟል። ባለጋሪው ባናውን በሁለት እጁ ይዞ፣ የታጠፈውን ሲዘረጋው፣ ከውስጠኛው እጥፋት ላብ የሚሸት እንፋሎት ወጣ። የባናው ልብ በበቅሎው ሙቀት ሲታሽ የሰነበተ ነው። ቀለሙም ሰማያዊ አልነበረም። እንደ ለጋ ቅጠል አረንጓዴ ነበር።

«እማማ፣ ይሄ ነገር…» ብሎ ጀመረ ባለጋሪው።

የእማማ እጅ ወደ ላይ ተነሳ። ባለጋሪው ቃሉን እንደያዘ አፉን ዘጋ። በነጩ ግቢ ውስጥ ምንም አልተሰማም። ከባናው ዳር፣ እሱ ከያዘበት ጣቱ አጠገብ፣ አንድ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ታየ። ሰፋ። ወደ መሃል ሄደ። ሻለቃው እንኳ አንገቱን አዙሮ፣ ጆሮውን ቀስሮ፣ የራሱን ባና ያይ ጀመር። ምራቲቱ ትንፋሿን ይዛ፣ በዚያ ገመድ ሥር የሰማችውን ድምፅ ሰማች፦ ሰው ሥራ ላይ ሲሆን አይለፈለፍም።

የመጨረሻዋ አረንጓዴ ስትጠፋ እማማ ከደፉ ላይ ተነስተው ቆመው ነበር። በዚያ ጉልበታቸው ማን እንዳስነሳቸው እሳቸውም አላወቁም።

«እርሾው በሕይወት አለ፤ እጠፈው፣ ቶሎ እጠፈው፣ ብርድ እንዳያገኘው» አሉ። ከዚያ ወደ ምራታቸው፦ «ውኃ አሙቂ፤ ትኩስ አይሁን፣ ሕፃን እንደሚታጠብበት ለብ ይበል። አመድም ይፈለግ።»

«የሚበላው ፉርሽካ የለንም፣ እማማ።»

ባለጋሪው የሻለቃውን የመኖ ከረጢት አንስቶ ፊታቸው አስቀመጠ። «ጌታዬ ይቅር ይላሉ» አለ፤ አሁን ምራቲቱ ሳቀች።

ባናው በተሸረፈው ጋን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ሲገባ፣ እማማ በዚያ ሰማያዊ እጃቸው እየጨመቁት ድንገት ቆም አሉ። የገንቦው እርሾ እስከ ትከሻው ከነበረ ባናው ለምን እንዲህ እንደራሰ ጠየቁ። ምራቲቱ ነገረቻቸው፤ ስለ ጭልፋዋም፣ ስለ ሁለተኛዋም፣ እስከ አፉ ስለ መሙላቱም። ባለጋሪውም እንግዲህ ዝም ሊል አልቻለም፤ ስለ ገደሉና ስለ መቶ አለቃው ሁሉንም ዘረገፈው። እማማ ሰምተው ሲጨርሱ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ቆዩ። የሚያለቅሱ መስሏት ስትጠጋ፣ እየሳቁ ነበር፤ ከተማዋን ከለቀቁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አፋቸውን ሳይሸፍኑ።

«ስንት ዓመት ተጠንቅቄ የኖርኩት ቤት» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ሳትሰሚኝ ቀርተሽ ተረፈ። ያውም በበቅሎ አንገት።» ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ከፊታቸው ለቀቀ። ቀና ብለው ወደ ሰማይ አላዩም፤ ጋኑን ነው ያዩት። «እኔ ገንቦውን ጠብቅልኝ ብዬ ነበር የለመንኩት» አሉ። «ገንቦውን።»

ሹሙ በማግስቱ መጥቶ ባናውን አየ፣ በቅሎውን አየ፣ የራሱን አንገት እያሻሸ ጥቂት ቀን ጨመረላቸው። ባለጋሪው ሻለቃው ገና አልዳኑም በሚል ሰበብ አልሄደም። እማማ ጋኑን ከጎረቤት በተዋሱት ብርድ ልብስ ሸፍነው፣ ጆሯቸውን ጎኑ ላይ ለጥፈው ይሰሙ ነበር። አንድ ጠዋት ክዳኑን ሲከፍቱት ላዩ ላይ እንደ መዳብ የሚያበራ ስስ ሽፋን ተዘርግቷል፤ መሃሉ ላይ ሰማያዊ አረፋ ተሰብስቧል።

እማማ ማማሰያውን አንስተው ለምራታቸው ዘረጉላት።

«እጄ ቀዝቃዛ ነው፣ እማማ» አለች።

«አውቃለሁ። ያዢው።»

ያዘችው። እጀታው ከእማማ መዳፍ የሞቀ ነበር። ቀስ ብላ አማሰለች፤ ከዚያ ከሻሿ የተቀደደ ነጭ ቁራጭ አነሳች። የሚባለውን እንዲሉ ወደ እማማ አየች። እማማ ግን ደፉ ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ እንደ እንግዳ ይጠብቁ ነበር።

«ማጥለቁ የእኛ ነው» አለች ምራቲቱ።

አጠለቀችው። ስታወጣው አረንጓዴ ነበር፤ እየተንጠባጠበ በሁለት ጣቷ ወደ ብርሃኑ ያዘችው። ከነጩ ግድግዳ ሥር ሻለቃው መብላቱን አቆመ። ማንም አልተናገረም። ከአንደኛው ጥግ ቀለሙ ሰማያዊ መሆን ጀመረ።